ማሙሽ «በቃ» ሲል

ውልና ማስረጃ የሄድነው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ማሙሽን ከነዊልቸሩ ሚኒባስ ውስጥ ለማስገባት ሦስት ሰው ፈጀ። ረዳቱ የሁለት ሰው ሂሳብ አስከፈለኝ፤ ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። ተራችን ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ቀና ብሎ ወንድሜን አየው።

«ስምህ ማነው?»

«በቃ» አለ ማሙሽ።

«ለእህትህ ውክልና ልትሰጣት ነው የመጣኸው?»

«በቃ።»

ልጁ እስኪርቢቶውን አስቀመጠ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ከኋላችን የተሰለፉት እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ውክልና የሚሰጥ ሰው ምን እንደሚሰጥ ማወቅ አለበት። እኔ ይሄን ባጸድቅልሽ ነገ ሌላው የታመመ አባቱን አምጥቶ ቤቱን ይሸጥበታል። ፍርድ ቤት ሂጂ» አለኝ። ያኔ በጣም ተናደድኩበት። አሁን ሳስበው በዚያ ዓመት ደጃቸውን ከጠናሁባቸው ቢሮዎች ሁሉ ሥራውን በትክክል የሠራው እሱ ነው።

ማሙሽ የቤት ስሙ ነው እንጂ 34 ዓመቱ ነው። ታናሼ ነው። ኮተቤ ውስጥ የብረት በርና መስኮት የሚሠራባት ትንሽ ቤት ነበረችው። በ2015 ጥቅምት ላይ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተጣሉ። ምክንያቱን መናገር ያሳፍራል፤ መኪናህን ከበሬ ላይ አንሳ፣ አላነሳም ነው። ልጁ መሬት ላይ የነበረ ቱቦላሬ አንስቶ ጭንቅላቱን መታው።

ያ ቱቦላሬ ኤግዚቢት ሆኖ ችሎት ሲቀርብ አየሁት። ጫፉ ላይ በነጭ ጠመኔ «1.20» ተብሎ ተጽፏል። የማሙሽ ጽሑፍ ነው። ሁለትን እንደዚያ ጅራቷን ጎትቶ የሚጽፍ ሌላ ሰው አላውቅም። ለአንድ ሰው መስኮት ለክቶ፣ ቆርጦ ያስቀመጠው ብረት ነው የተመታበት።

19 ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛ። ሲወጣ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። ከቃላት ሁሉ የተረፈችለት አንዲት «በቃ» ናት። ውሃ ሲጠማው በቃ። ሲጠግብ በቃ። ጎል ሲገባ በቃ! ማታ ትራሱን ሳስተካክልለት፣ ረጋ ብሎ፣ በቃ። እኛ ቤት ውስጥ ያለነው በዜማው እንለየዋለን። አንዳንዴ እንሳሳታለን።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ወረቀት አልፈራም። ግን ለማሙሽ ጉዳይ የሄድኩበት ቢሮ ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ባለቤቱ ራሱ ይምጣ።» ባንክ ያለው ገንዘብ ለመድኃኒቱ ያስፈልጋል፤ ባለሂሳቡ ራሱ ይምጣ። የሕክምና ማስረጃው ኮፒ ያስፈልጋል፤ ታካሚው ራሱ ይጠይቅ። አንድ ቀን ብልጭ አለብኝና «ታካሚው ራሱ መጠየቅ ቢችል ኖሮ ማስረጃው ለምን ያስፈልገኝ ነበር?» አልኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ሳቀች። ኮፒውን ግን አልሰጠችኝም።

ፖሊስ ምርመራውን ጨርሶ የወንጀል ክሱ ሲከፈት እፎይ አልኩ። ዐቃቤ ሕጉ የእኛ ጠበቃ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አግኝቻቸው «የእኛ ጉዳይ እንዴት ነው?» አልኳቸው። ቆም ብለው አስረዱኝ። ከሳሹ መንግሥት ነው። እሳቸው የሚከራከሩት በሕዝብ ስም ነው። «ወንድምሽ ተበዳይ ነው፤ ደንበኛዬ ግን አይደለም» አሉኝ። ምስክራቸው እንዳይሆን ደግሞ አይናገርም።

ተከሳሹ ግን ሰው ነበረው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ፣ ተከሳሽ ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጣና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ያቆምለታል ይላል። ተከላካይ ጠበቃ ተመደበለት። በዚህ ቅር አላለኝም፤ ጠበቃውም ጎበዝ ሰው ነበር፣ ሲያገኘን ሰላም ይለናል። ግን እስቲ ችሎቱን አስቡት። መንግሥት የሚናገርለት አለው። ተከሳሹ የሚናገርለት አለው። ጭንቅላቱ የተመታው ሰው ኋላ አግዳሚ ወንበር ጥግ ላይ፣ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ፣ እማዬ እጁን ይዛው፣ «በቃ» ይላል። ሁለቴ «ጸጥ አስብሉት» ተብለናል።

መንገዱን ያሳዩኝ ከአጥሩ ውጭ ጃንጥላ ተክለው የሚሠሩ ራፖር ጸሐፊ ናቸው። «ካሳ ጠይቃችኋል?» አሉኝ። ካሳ የሚጠየቅ አልመሰለኝም ነበር። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154፣ ተበዳዩ ወይም ወኪሉ ክሱ መሰማት ሲጀምር እዚያው ወንጀል ችሎት ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል አሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አንቀጽ 101 ላይ ይሄንኑ ይላል። ደስ ብሎኝ «ይጻፉልኝ» አልኩ።

«ማነው የሚፈርመው?»

«እኔ ነኛ። እህቱ ነኝ።»

«እህትነት ሥልጣን አይደለም ልጄ» አሉኝ። የሚቀጥለውን አንቀጽ፣ 155ን፣ በቃላቸው ነገሩኝ። ለመክሰስ መብት የሌለው ሰው ያቀረበውን የካሳ ጥያቄ ፍርድ ቤቱ አይቀበልም። መብት ያለው ቢያቀርበውም የወንጀሉን ክርክር ያወሳስባል፣ ያጓትታል ብሎ ካመነ ሊመልሰው ይችላል። «ሲመልሱት በፍትሐ ብሔር ትከሻለሽ፤ እዚያም ግን መጀመሪያ የሞግዚትነት ወረቀት አምጪ ነው የሚሉሽ። ጊዜሽንም ቁጠሪ» አሉ። የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ነገሩ ከወንጀል የመጣ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ ከረዘመ ግን ረጅሙ ይሠራል። ለዚህ ሁሉ ትምህርት ያስከፈሉኝ የአንድ ማመልከቻ ዋጋ ብቻ ነው። ከአንዳንድ ባለ ቢሮ ይሻላሉ።

በከተማ አማርኛ ሞግዚት ማለት ልጅ የምትጠብቅ ሠራተኛ ናት። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ወሬው ሲሰማ «በስተርጅና ሞግዚት ሆንሽ?» እያሉ ሳቁብኝ። በሕጉ ግን ሞግዚት የሌላውን ሰው ንብረትና ጥቅም የሚያስተዳድር፣ በስሙ የሚከስና የሚከሰስ ነው። ስለ ሰውየው አካልና ጤና የሚያስበው አሳዳሪ ይባላል። ሁለቱንም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለቱንም ሆንኩ።

ለልጅ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ችሎታ እንደሌለው ሕጉ ራሱ ያውቃል። ለአዋቂ ሰው ግን መጀመሪያ ችሎታውን በፍርድ ማሳጣት ያስፈልጋል። «በፍርድ ክልከላ» ይሉታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ራሱ ባለጉዳዩ፣ ባል ወይም ሚስት፣ ዘመድ፣ ወይም ዐቃቤ ሕግ ማመልከት ይችላል። ያቺ «ዐቃቤ ሕግ» የምትለው ቃል ትልቅ ናት። ዘመድ የሌለው ሰው ቢሆንስ ብዬ ብዙ ሌሊት አስቤያለሁ። ሕመሙ ጊዜያዊ ለሆነና ወኪል መሾም ላቃተው ሰውም ክልከላ ውስጥ ሳይገባ ፍርድ ቤት የሚሾምበት ቀለል ያለ መንገድ አለ። የማሙሽ የሐኪሞች ወረቀት ግን «ዘላቂ» የምትል ቃል ነበረችበት።

ዳኛዋ በቢሯቸው አዩት። ጥሩ ሴት ናቸው፤ ዝቅ ብለው ዓይኑን እያዩ አናገሩት። «እህትህ ገንዘብህን ብትይዝልህ ደስ ይልሃል?» አሉት። ማሙሽ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ። ከዚያ «በቃ» አለ። ጻፉ። በኋላ የውሳኔውን ግልባጭ ሳነብ «ተጠይቆ ትርጉም ያለው መልስ አልሰጠም» ይላል። እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። ትርጉም የለውም ማለትና ትርጉሙን አላወቅነውም ማለት ለእኔ አንድ አይደለም። ግን ሌላ ምን ይጻፉ? እኔም ብሆን ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ማታ ለእማዬ አነበብኩላት። «በፍርድ እንዲከለከል ተወስኗል» የሚለው ጋ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«ማነው የተከለከለው?»

«ማሙሽ።»

«እሱ ምን አጠፋ?»

ምን ብዬ ልመልስላት? የመታው ልጅ መዝገብ ገና ቀጠሮ ላይ ነው። የመጀመሪያው ፍርድ የወጣው በተመታው ላይ ሆነ።

ከውሳኔው ጋር ትእዛዝ ነበረበት። በየዓመቱ ሂሳብ ላቀርብ፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የብየዳ ማሽኑንም ሆነ ሌላ ዕቃውን እንዳልሸጥ፣ በስሙም ዕርቅ እንዳልዋዋል። የመጨረሻዋን ያኔ ልብ አላልኳትም።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ከፍልሰታ በኋላ፣ እሑድ ነው። ሦስት ናቸው። የዕድራችን ሊቀመንበር፣ የተከሳሹ አጎት፣ ሦስተኛው ደግሞ የማሙሽ የክርስትና አባት ናቸው። እኒህን ሰው ጋሼ ነው የምላቸው፤ አባቴ ሲሞት የቆሙልን እሳቸው ናቸው። አቆማመጣቸውን ሳይ ገባኝ። ቁጭ በሉ ስንላቸው እሺ ካልተባልን አንቀመጥም አሉ። ቡናው ቀዘቀዘ።

ለምን አሁን መጡ? ከባድ የአካል ጉዳት፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555፣ ታርቀናል ተብሎ የሚዘጋ ክስ አይደለም። እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስፈርዳል። ነገር ግን አንቀጽ 82 ላይ፣ ተከሳሹ ከልቡ ከተጸጸተና ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን ከካሰ ቅጣት ይቀልለታል ይላል። የዕርቅ ወረቀቷ መዝገብ ውስጥ ከገባች ዓመታት ትቀንሳለች። ይሄን ጠበቃው ነግሯቸዋል። ሥራው ነው።

ጋሼ ንግግር ያውቃሉ። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሞት፣ ስለ እግዚአብሔር ተናገሩ። እማዬ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ለነፍሴ ስል» አለች። ከዚያ ጋሼ ወደ ማሙሽ ዞሩና ጉልበቱን ያዙ።

«ማሙሽዬ፣ ይቅር ብለኸዋል አይደል?»

«በቃ» አለ።

ቤቱ እልል ሊል ትንሽ ነው የቀረው። «አያችሁ! በቃ አለ! ይብቃ ማለቱ ነው! ይቅር አለ!» የተከሳሹ አጎት ዓይናቸው እንባ ሞላ። ውሸት አልነበረም፤ አምነውታል። እኔ ግን ከአምስት ደቂቃ በፊት ዳቦ ሳቀርብለትም በቃ እንዳለኝ አስታወስኩ። ያችው ዜማ ናት። ወይም ያችው መሰለችኝ።

ወረቀቱ ተጽፎ መጥቷል። «ተበዳይ በሙሉ ፈቃዳቸው ይቅርታ ማድረጋቸውን አረጋግጠው ፈርመዋል» ይላል። ከሥሩ ለጣት አሻራ ቦታ ተትቷል። ሊቀመንበሩ የቀለም ሰሌዳ ከኪሳቸው አወጡ። የማሙሽን ቀኝ እጅ በቀስታ አነሱ። ማሙሽ ጨበጠው። ጣቶቹን ሊዘረጉ ሞከሩ፤ ይበልጥ ጨበጠ።

ይሄን ታሪክ የነገርኳቸው ጓደኞቼ «አየሽ፣ እምቢ ማለቱ ነው» ይሉኛል። ሐቁን ልናገር፤ ቀኝ እጁ ሲነካ ይኮማተራል። ፊዚዮቴራፒ ሲሠራም ይጨብጣል። በ«በቃ» ይቅር አለ ያሉትን ካልተቀበልኩ፣ በጭብጡ እምቢ አለ ማለትም አልችልም።

«ጋሼ፣ እጁን ይልቀቁልኝ» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። እኔ የራሴን ቂም መተው እችላለሁ። እማዬም የራሷን ትታለች። ፍርድ ቤት የሰጠኝ ወረቀት ግን ገንዘቡንና መብቱን እንድጠብቅለት ነው። ስለ ልቡ ምንም አይልም። ይሄን ማለት ፈልጌ የወጣልኝ ግን «እኔ ሞግዚት ነኝ፣ ዳኛዋ ካልፈቀዱ መፈረም አልችልም» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ ወረቀት ጋሻ ይሆናል። ለእሳቸው እምቢ ማለት አልችልም ነበር፤ ፍርድ ቤት አይፈቅድም ማለት ግን እችላለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ደብተሬን ይዤ ጠበቅኳቸው። ዳይፐር፣ መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ላዳ፣ የሚያነሳሳው ልጅ ደመወዝ፣ የቀረበት የሥራ ገቢ። ሁሉም በወር ተከፍሎ ተጽፏል። አንድ መስመር ላይ ሊቀመንበሩ ጣታቸውን አሳርፈው «ይቺ ምንድን ናት?» አሉ። «የሞራል ካሳ፣ 1,000 ብር።» ሳቁ፤ የተሳሳትኩ መስሏቸው። አልተሳሳትኩም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116፣ የኅሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ የማሙሽን ዳይፐር እንኳ ወር አያደርስም። ያቺን መስመር ሆን ብዬ ነው የጻፍኳት፤ እንዲያዩዋት።

በ120 ሺህ ጀምረው 350 ሺህ ላይ ቆምን። ዓመታት ለሚፈጅ ሕክምና ትንሽ ነው። ልጁ ግን ከዚህ በላይ እንደሌለው አውቃለሁ፤ የእናቱን ቤት አይቻለሁ። የተጣላነው በገንዘቡ ሳይሆን በዓረፍተ ነገሩ ነው። «ይቅርታ አድርገዋል» የሚለውን ሰረዝኩ። «የተበዳይ ሞግዚት ካሳውን ተቀብለዋል» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚህ ተመላለስን። በመጨረሻ ዳኛዋ አዩት፣ የእኔን አጻጻፍ አጸደቁ፣ ገንዘቡ በማሙሽ ስም ገባ። ጋሼ እስከ ገና ሰላም አላሉኝም።

ልጁ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። መካሱ ተቆጥሮለታል። የእኔ ፊርማ ያለበት ወረቀት ለእሱም ጠቀመው ማለት ነው። በዚህ ምን እንደሚሰማኝ አትጠይቁኝ፤ በየቀኑ ይለያያል።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳልቀር። ኮሪደር ላይ ቀጠሮ ስንጠብቅ የዘጠኝ ዓመት ያህል ልጅ አየሁ፣ የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሳ፣ ከአክስቷ ጋር። በእሷ መዝገብ ተከሳሹ የገዛ አባቷ ነው። በቤተሰብ ሕጉ የልጅ አሳዳሪና ሞግዚት ወላጆቿ ናቸው። እናቷ የለችም። አክስቷ መጀመሪያ እሱን ከሞግዚትነት ለማስነሳት ነበር የምትሟገተው። «ለሷ ልፈርምላት ብዬ እሱን ፈቃድ ልጠይቅ እንዴ?» አለችኝ። ልጅቷ በሌላ ክፍል ሆና በካሜራ ነው የመሰከረችው፤ አባቷን ሳታየው። ያ አሠራር መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ግን የእኔ ችግር ከዚያ በኋላ ቀላል መስሎ ታየኝ። ማሙሽ ቢያንስ የመታው ሰው ሞግዚቱ አልነበረም።

አሁን ቤት ውስጥ ዘዴ አለን። ሁለት ሸሚዝ እይዝለታለሁ፣ ያየው ይለብሳል። ቡናና ሻይ አቀርብለታለሁ፣ ያየው ይጠጣል። ባለፈው ከባንክ ገንዘብ ላወጣ ስል የባንክ ደብተሩን አሳየሁት። ጣሪያውን አየ። እንግዲህ እሱን ሂሳብ ውስጥ እንዴት እንደማስገባው አላውቅም።

ቅዳሜ ዕለት በሩ ተንኳኳ። የልጁ እናት ናቸው። ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ከፍርዱ በኋላ ገና መምጣታቸው ነው። ከዊልቸሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጡ። ምንም አልተናገሩም። ማሙሽም ቴሌቪዥኑን ተወና አያቸው። ብዙ ቆየ።

«በቃ» አላቸው።

ወደ እኔ ዞሩ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። «ምን አለኝ ልጄ?»

«በቃ ነው ያልዎት እትዬ» አልኳቸው። ዳቦውን ተቀብዬ ልቆርሰው ወደ ማዕድ ቤት ሄድኩ።